የተቀማጩ ቀኝ

ሟቹ የተገኘው ከጓሮው የዊልቸር መውረጃ ራምፕ ግርጌ ነው፤ ግንባሩን ለግንቡ ሰጥቶ። ዊልቸሩ አጠገቡ በጎኑ ተጋድሟል። ሁለቱም የፍሬን እጀታዎች ተቆልፈዋል። የግራው ጎማ ተንፍሶ ጠፍጣፋ ሆኗል፤ የቀኙ ግን እንደ ድንጋይ ደርቋል። በቀኙ ጎማ የእጅ ቀለበት ላይ፣ ተቀማጩ እየገፋ በሚሄድበት ብረት ዙሪያ፣ ከአሮጌ የጎማ ውስጥ ካላማዳሪያ የተቆረጠ ጥቁር ላስቲክ ተጠምጥሟል። ይህን ሁሉ ፎቶ አንሺው አነሳው፤ ሪፖርት ጸሐፊውም ጻፈው። ልብ ያለው ግን አልነበረም።

ሰውዬውን አገር የሚያውቀው «ባለእጁ» በሚል ስም ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ እግሮቹ አይታዘዙትም፤ እጆቹ ግን የእግሮቹን ድርሻ ደርበው ሲሠሩ ኖረዋል። ዊልቸር በልክ ያዘጋጃል፤ ለጭቃ መንገድ ሰፊ ጎማ፣ ለቢሮ ወለል ጥቁር ዱካ የማይተው ጎማ፣ ለሯጭ ቀጭን ጎማ ይገጥማል። አንድ ዊልቸር ሲንቀሳቀስ ሰምቶ የትኛው ኩሽኔታ ቅባት እንዳነሰው የሚናገር ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በገዛ ጎማው ሞተ ሲባል ሰሚው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ሪፖርቱ ግማሽ ገጽ አልሞላም። የዊልቸር ፍሬን የሚይዘው ጎማውን በብረት ተጭኖ ነው፤ ጎማው አየር ካጣ ብረቱ የሚጫነው ነገር የለም። ጎማውን በየጠዋቱ የምትነፋው ደግሞ የሟቹ ልጅ ናት። እንግዲህ ልጅቷ በወጉ ሳትነፋ ቀርታለች፤ አባት ራምፑ አናት ላይ ፍሬን ቆልፎ ሲቆም ወንበሩ ይዞት ወርዷል። «በቸልተኝነት ሰው መግደል» ይላል የመጨረሻው መስመር። የቀረው አንድ ፊርማ ነበር።

ፊርማው የመርማሪዋ ነው። መርማሪዋ ሃምሳን የተሻገረች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷ ግን ምንም የማያመው ሴት ናት። በዕድሜዋ ሳታነብ የፈረመችው የጋብቻ ወረቀቷን ብቻ ነው፤ በእሱም ስትጸጸት ኖራለች። ሪፖርቱን አንድ ጊዜ አነበበችና «ቀጥ ብሎ በመውረድ» ከሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈች። የራምፑን ፎቶ አየች። ከዚያ ጃኬቷን አነሳች።

ወርክሾፑ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር የተያያዘ ረጅም ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ቸርኬዎች እንደ ሰዓት ተደርድረው ተሰቅለዋል። ከሥራ ጠረጴዛው በላይ በቀይ ቀለም «ቀኝ ማለት የተቀማጩ ቀኝ ነው!» ተብሎ ተጽፏል። ከጀርባ በኩል ወደ ጓሮ የሚወርደው የሲሚንቶ ራምፕ አለ። በግራና በቀኙ የብረት አጥር አለው፤ መጨረሻው ላይ ግንብ ይጠብቃል።

በር ላይ የተቀበለቻት የሟቹ ሚስት፣ የልጅቷ እንጀራ እናት ናት። ዓይኗ አብጧል፤ አፏ ግን አልደከመም።

«እሷን ይጠይቋት! አባቷን የበላች እሷ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማውን ለሌላ ሰው አላስነካም ብላ፣ በመጨረሻ ይኸው!»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ማዕድ ቤት። ኮቱን ስተኩስ ነበር።»

«በጠዋት ኮት?»

«ከሰዓት የመምህሯ እናት ዘንድ እሄዳለሁ አለኝ። ደህናውን ኮቴን አውጪልኝ፣ የምነግራቸው ነገር አለ አለኝ። ተኩሼ ሰቀልኩት። ይኸው እንደተሰቀለ ነው።»

«የትኛዋ መምህር?»

«ደንበኛ ነበረች። ከሁለት ወር በፊት መንገድ ስታቋርጥ ጎማዋ ወልቆ መኪና የገጫት። ነፍሷን ይማርና፣ በሽታው የጀመረው ያኔ ነው። እንቅልፍ አልነበረውም።»

«ጎማ ነቅለው ያውቃሉ?»

«እኔ? የዚህን ቤት ጎማ የማውቀው ሥሩን ስጠርግ ነው!»

ልጅቷ ወርክሾፑ ጥግ ላይ፣ የወንበር ትራስ የምትሰፋበት መኪና አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቀብሩ ካለፈ በሦስት ቀን ውስጥ ግን አሥር ዓመት የጨመረች ትመስላለች። አጠገቧ የአባቷ ታናሽ ወንድም የውሃ ብርጭቆ ይዞ ቆሟል። ሰዎች «ቀጭኑ» ይሉታል፤ የቸርኬ ሽቦ የሚወጥረው፣ ብረት የሚቆርጠውና የሚገጣጥመው እሱ ነው። «ጠጪ እንጂ የኔ እናት፤ አንድ ጉንጭ» ይላታል። መርማሪዋ ስትጠጋ ብርጭቆውን አስቀምጦ ራቅ አለ።

«ገድዬዋለሁ» አለች ልጅቷ፣ ሳትጠየቅ።

«እሱን እኔ እደርስበታለሁ። አንቺ የሠራሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

«እንደ ወትሮው ነው እትዬ። ወንበሩ እዚህ ያድራል። ጠዋት ሁለቱንም ጎማ በእጅ ፖምፓ ነፋሁ፤ በአውራ ጣቴ ተጭኜ አየሁት። ከዚያ ላስቲኩን ጠመጠምኩ። ለትራስ ልባስ ጨርቅ ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ...» ፊቷን ሸፈነች። «ቸኩዬ ነበር። ቫልቩን ሳላጠብቀው ቀርቼ ይሆናል። አባዬ እስትንፋሴ እያለ ነው የሚጠራኝ፤ አየር የምትሰጠኝ አንቺ ነሽ እያለ። እስትንፋሱን ነሳሁት።»

«ላስቲኩ ምንድን ነው?»

ልጅቷ ወደ አጎቷ አየች፤ ሩቅ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። ግራ እጁ እየከዳው ነው፤ ብረቱ ከመዳፉ ያመልጠዋል። እጄ ደከመ ከተባለ ማን ሥራ ያመጣልኛል፣ እንዳትናገሪ አለኝ። በዚያው ጠዋት ነው መጀመሪያ የጠመጠምኩለት፤ እንዲቆነጥጠው ብዬ።»

«የትኛው ላይ?»

«ግራው ላይ ነዋ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«የደከመው ግራ እጁ ነው እኮ እትዬ!»

መርማሪዋ መጻፏን አቆመች። መሐል ወለሉ ላይ የአንድ ደንበኛ ዊልቸር ፊቱን ወደነሱ አዙሮ ቆሟል። «ለመሆኑ የዚህኛው የቀኝ ጎማ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ግራ እየገባት ተነሳች፤ ዞራ ከወንበሩ ጀርባ ቆመችና ቀኝ እጇን በጎማው ላይ አሳረፈች።

ቀጭኑ ሲጠየቅ ትሑት ነበር። እጆቹን አጣምሮ ቆመ።

«የቸርኬ ሽቦ እየወጠርኩ ነበር። የአየር መጭመቂያው ሞተር ሲጮህ ጆሮ የለኝም። የሰማሁት የልጅቷን ጩኸት ነው።»

«ከወንድምዎ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«አንድ ሆድ ያወጣን ነን። ሠላሳ ዓመት አብረን ሠራን።» ትንፋሽ ወሰደ። «ልጅቷን አይጨክኑባት። ሰው ነች፤ ሰው ይረሳል። ደግሞም ወረቀቱ ቶሎ ቢያልቅ ለእሷም እረፍት ነው።»

«ያልቃል፣ ያልቃል። ይልቅ የዚህን ወንበር የቀኝ ጎማ ነቅለው ያሳዩኛል? እኔ ባይሲክል እንኳ አልነዳሁም።»

ቀጭኑ ከሥራ ሌላ የሚያሳርፈው ነገር ያለ አይመስልም። ከፊቱ ወዳለው ወንበር ጎንበስ አለ፤ ጎማውን የሚይዘውን ፔርኖ መሐሉ ላይ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ጎማው በሦስት ሴኮንድ ወጥቶ እጇ ላይ ዐረፈ። እምብርቱ ላይ በማይለቅ ቀለም የተጻፈውን ፊደል አየችና አመስግና መለሰችለት።

የቀረው የወርክሾፑ ጎሚስታ ነው፤ ግቢ በር ላይ ያገኘችው። የትልልቅ መኪና ጎማ ሲጠግን ኖሮ ወደ ትንንሹ የመጣ፣ ሆዱ የሚቀድመው ሰው ነው። ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል።

«እኔን ከመጠርጠርዎ በፊት ልንገርዎት» አለ ቀና ሳይል። «ምክንያት አለኝ። የመምህሯ ጎማ የወለቀው በእኔ እጅ ነው ተብሎ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ገዳይ እየተባልኩ ነው ምሳ የምበላው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባለእጁ የመምህሯን ፔርኖ አስመጥቶ በካሊብሮ ለካው። ፊቱ ጠቆረ። ምንም አላለም።»

«ፔርኖ የምትቆርጠው አንተ ነህ?»

«እኔ ጎማ ነኝ፤ ብረት አልነካም።»

«የዚያን ወንበር የቀኝ ጎማ ታሳየኛለህ?»

ጎሚስታው አሁን ቀና አለ። «የማን ቀኝ?»

መርማሪዋ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«አይሳቁ፤ እዚህ ቤት በዚህ ጉዳይ ስድብ ጠጥቻለሁ። ወንበሩ ፊት ለፊትህ ቆሞ ስትሠራ፣ ያንተ ቀኝ የተቀማጩ ግራ ነው። ባለእጁ ግድግዳው ላይ የጻፈው ለዚህ ነው። ጎማ እንደ ጫማ ነው ይል ነበር፤ የግራው ለቀኝ አይሆንም። ስለዚህ በራሱም በደንበኞቹም ጎማዎች እምብርት ላይ «ቀ» እና «ግ» ብሎ ጽፎባቸዋል።»

መርማሪዋ ወደ ውስጥ መራችው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት መካከል «ለሯጩ፤ አዲስ» የሚል ወረቀት የተንጠለጠለባቸው ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች አሉ። «አዲስ ናቸው?» አለችው። ጎሚስታው ዓይኑን አጥብቦ አየ፤ ጣቱንም በጎማው ጀርባ ላይ አስኬደ።

«አዲስ ጎማ ፀጉር አለው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚቀርበት። ይኸው ጎንና ጎኑ አለ። መሐሉ ግን ተላጭቷል። ታጥቧልም። እስቲ፣ አዲስ ጎማ ማን ያጥባል?»

«ባለእጁ አዲስ ጎማ ሲፈትን እንዴት ነበር?»

«በራሱ ወንበር ላይ አስገጥሞ። ራሱ ሳይቀመጥበት ጎማ አያስረክብም። ወለሉን ዞር ዞር ይልበትና ራምፑ አናት ላይ ፍሬን ቆልፎ ወገቡን ያወዛውዛል።»

«ጎማው ሲቀጥን ፍሬኑ ይደርሳል?»

«ማስጠጋት ነዋ! ሁለት ብሎን ነው፤ ፈታ አድርጎ ወደ ጎማው ማስጠጋት።»

«ማን ያስጠጋል?»

ጎሚስታው ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ የሚቀለድበት ነገር እንዳልሆነ ገባው። «ጎንበስ ማለት የሚችል ሰው» አለ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ራምፑ አናት ላይ ተሰበሰቡ። የሟቹ ዊልቸር ከፖሊስ መጋዘን ተመልሷል። እንጀራ እናቲቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ቀጭኑ የልጅቷን ትከሻ አቅፏል። መርማሪዋ የመሣሪያ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን እያሸች ጀመረች።

«ሪፖርቱ የግራው ጎማ ስለተነፈሰ ወንበሩ ቀጥ ብሎ ወረደ ይላል። አንድ ጎማ ቢተነፍስ፣ ሌላው ፍሬን ይይዝ የለም? ጎሚስታው፣ አንድ ጎን ሲያዝ ወንበሩ ምን ያደርጋል?»

«ይዞራል። ወደ ተያዘው ጎን ተጠምዝዞ አጥሩ ላይ ይቆማል።»

«አልዞረም፤ ግንቡ ድረስ ወረደ። ስለዚህ ሁለቱም ፍሬኖች አልያዙም። የቀኙ ጎማ ግን ደረቅ ነበር። ደረቅ ጎማ ላይ የተቆለፈ ፍሬን ለምን አልያዘም? እዚህ ላይ ነው የተጠራጠርኩት፤ ከራምፑ የወረዱት እነዚህ ጎማዎች ባይሆኑስ?»

በጣቷ ወደ ጎማዎቹ አመለከተች።

«ወንበሩን እዩት። ከመጋዘን እንዳለ ነው የመጣው። ላስቲክ የተጠመጠመበት የትኛው ነው?»

ልጅቷ ከወንበሩ ጀርባ ነበረች። ዓይኗ ከጎማ ወደ ጎማ ሄደ። «ቀኙ ነው... እኔ ግን ግራው ላይ ነው ያደረግሁት! አባዬ የደከመው ግራ...» አፏን ያዘች፤ ምስጢሩ ወጣ።

«አይዞሽ፤ ያዳነሽ ይኸው ምስጢር ነው። አንቺ ግራው ላይ ጠምጥመሽ ወጣሽ፤ ስትመለሽ ቀኙ ላይ ነው። ጎማ ብቻውን አይዞርም። አንድ ሰው ሁለቱንም ነቅሏል፤ ሲመልስ አዛውሯል። ለምን ነቀለ? ሌላ ጎማ ሊገጠም ነዋ።» የሯጩን ቀጫጭን ጎማዎች አመለከተች። «አዲስ የተባሉ፣ ፀጉራቸው የተላጨ፣ የታጠቡ። በዚያ ጠዋት ባለእጁ ሊፈትናቸው ተቀምጦባቸው ነበር። ግጠማቸው።»

ጎሚስታው ቀጫጭኖቹን ጎማዎች ገጠመ፤ ፍሬኑን ሳይነካ። የሟቹን ክብደት የሚያህል አሸዋ የተሞላ ጆንያ ወንበሩ ላይ ጫኑ። እጀታዎቹን ቆለፈ፤ ቀጭ ቀጭ አሉ። ወንበሩ ለአንድ አፍታ ቆመ። መርማሪዋ ጆንያውን በሁለት ጣቷ ነቅነቅ አደረገችው። ወንበሩ ተንሸራተተ፤ ፈጠነ፤ እንደ ተሰመረ መስመር ቀጥ ብሎ ወርዶ ግንቡን መታ። እንጀራ እናቲቱ ጮኸች።

«ብረቱ ጎማውን ይነካል፤ እጅን ለማታለል የሚበቃ ያህል። ሰው ለመያዝ ግን አይበቃም። ፍሬኑ አልተጠጋም ነበር። ባለእጁ ራሱ አይደርስበትም፤ የቀየረለትን ሰው አምኖ ተቀመጠ። ያ ሰው ከሞቱ በኋላ የቆዩትን ጎማዎች መልሶ ገጠመ፣ ፍሬኑን ቆለፈ፣ አንዱን አስተነፈሰ። የልጅቷ ጥፋት እንዲመስል።»

«ማን ነው?» አለች እንጀራ እናቲቱ።

«ፊደል የሚያነብ፣ ፔርኖ የሚያውቅ ሰው። እርስዎ ጎማ አይነኩም። ልጅቷ ቀኝ ስትባል ከወንበሩ ጀርባ ሄዳ ትቆማለች፤ ደግሞም ላስቲኩ ለየትኛው እጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ አታዛውርም። ጎሚስታው የማን ቀኝ ብሎ ይጠይቃል፤ ስድብ አስተምሮታል። አንድ ሰው ግን ምንም ሳይጠይቅ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከራሱ ቀኝ በኩል ያለውን ነቅሎ ሰጠኝ። እምብርቱ ላይ የተጻፈው «ግ» ነበር። ያን ዕለትም የቆዩትን ጎማዎች ሲመልስ «ቀ» የሚለውን በራሱ ቀኝ፣ «ግ» የሚለውን በራሱ ግራ ገጠመ። ሲረጋጋ ግድግዳውን ያነባል፤ ሲቸኩል እጁ ወደ ሠላሳ ዓመት ልማዱ ይመለሳል። የላስቲኩን ነገር ማንም ስላልነገረው ስህተቱን የሚያይበት ምልክት አልነበረውም።»

ልጅቷ ከአጎቷ ክንድ ሥር ቀስ ብላ ወጣች።

«የመምህሯን ፔርኖ አጭር አድርገው የቆረጡት እርስዎ ነዎት» አለች መርማሪዋ። «ወንድምዎ ለካው። ያን ዕለት ኮቱን ለብሶ ለእናቷ ሊናገር ነበር።»

ቀጭኑ ለመካድ እንኳ አልተጣጣረም። የራሱን መዳፍ እያየ ቆመ።

«አልገፋሁትም» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ ጣቴን አላሳረፍኩበትም። ዝም በለኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እምቢ አለ። ከዚያ ጎማውን ቀየርኩለት። ፍሬኑን አስጠጋኸው ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ምንም አላደረግሁም፤ አዎ ብቻ ነው ያልኩት።»

«በአዎ አንዱን ገደሉ» አለች መርማሪዋ። «ጎማ አስተንፍሰው ደግሞ ሌላዋን በቁሟ ሊቀብሩ ነበር። ለመጀመሪያው ፍርሃት ነው ይበሉ። ለሁለተኛው ምን ይሉኛል?»

ፖሊሶቹ ሲይዙት ልጅቷ «ቆዩ» አለች። ፊት ለፊቱ ቆመች። አላለቀሰችም።

«አጎቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አቅፈህ ይዘኸኛል። ውሃ አጠጥተኸኛል። ሰው ይረሳል፣ ራስሽን ይቅር በይ ብለኸኛል። ለምን?»

ቀጭኑ ያን ጊዜ ብቻ አለቀሰ። «ስታለቅሺ ሆዴ አልቻለም» አለ። የሚያስከፋው ነገር እውነቱን ነበር።

ወሰዱት። እንጀራ እናቲቱ «ልጄ፣ እኔ እኮ...» እያለች ተጠጋች፤ በሦስት ቀን የተፋችውን ቃል እንዴት እንደምትሰበስበው አላወቀችም። ልጅቷ እጇን አልከለከለቻትም፤ ዓይኗን ግን አልሰጠቻትም። ጎሚስታው ከጆንያው የፈሰሰውን አሸዋ ከግንቡ ሥር ይጠርጋል።

መርማሪዋ የድሮውን ሪፖርት ለሁለት ቀደደችና «በቃ፣ ነፃ ነሽ» አለቻት። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመሰገኑበት ልማድ አለ፤ እሷም ምስጋናውን ጠብቃ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች ልጅቷ። «የሞተብኝ አባቴ ብቻ ይሆን ነበር።»